ሁለት ጣት ትርፍ

ጥቅምት 6

ይድረስ ለልጄ ለቀጮ፤

ጤናሽን አስቀድሜ እጠይቃለሁ። የእኔን ካነሳሽ፣ ከግራ ጉልበቴ በቀር ሁሉም በየቦታው አለ።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ዛሬ ዘጠኝ ቀን ሆነው። የዘገየሁት ሰንፌ አይደለም። አራቱን ቀን ሳነብ፣ አምስቱን ቀን ስጽፍ ነው። የእጅ ጽሑፍሽ ጠባብ ነው፤ ፊደሎችሽ አውቶቡስ ውስጥ የሚጋፉ ሰዎች ይመስላሉ። ሁለተኛ ስትጽፊ ዘርዘር አድርጊልኝ። ሰው ያንብብልዎት እንዳትዪኝ ደግሞ። ጎረቤቴ ቁልፍ ሠሪው አምጣ ላንብብልህ ብሎ መነጽሩን መወልወል ሲጀምር መልሼ ኪሴ ከተትኩት። የልጄ ደብዳቤ የሱ ቁልፍ መሰለው እንዴ።

በስልክ ለምን እንደማላወራ ጠይቀሻል። ድምፅሽን ሰምቼ ስዘጋው ቤቱ ከበፊቱ ይልቅ ይሰፋብኛል። ደብዳቤ ግን ይቀመጣል። ሲደክመኝ አጥፈዋለሁ፣ ሲሻለኝ እዘረጋዋለሁ። ደግሞ ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ነው፤ ካልሠራሁበት ይዝጋል።

ይበላሉ ወይ ላልሽው፣ እበላለሁ። እናትሽ ከሞተች ወዲህ አሥር ዓመት ለሁለታችን ያበሰልኩ ሰው ለአንድ አፍ አያቅተኝም።

የክፍልሽ መስኮት ከግድግዳ ጋር ፊት ለፊት መሆኑ ከንክኖኛል። ቢሆንም የሄድሽው መስኮት ልታዪ አይደለም። የስፌት ትምህርት ቤትሽ ስድስት ወር የሥራ ልምምድ ብሎ እዚያ ሲልክሽ፣ ቋንቋውንም እግረ መንገዷን ትይዛለች ብሎ ነው። አሁን ደግሞ አንዱን ቃል ስይዝ አሥሩ ያመልጠኛል ትያለሽ። አፋቸውን ተዪው፤ እጃቸውን እዪ። መርፌና ክር አፍ የላቸውም። እኔ ሙያ ስማር ሰባት ወር ቃል ሳልተነፍስ የሰውየውን እጅ ብቻ አይቼ ነው ኮት መቁረጥ የጀመርኩት። ይሄ ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ የጠየቀ ልጅ መጥረጊያ ነበር የሚሰጠው።

ኃላፊዋን በስሟ ጥሪ፣ አንቺ በያት ይሉኛል ብለሻል። ምላስሽ እምቢ ካለ አታስገድጂው። ስትገባ ብድግ በማለትሽ ከሳቁም ይሳቁ። ብድግ ያለ ሰው የሚጎድልበት የለም። ሲያናግሩሽ መሬት መሬት ማየትሽን ነገር የደበቅሽ አድርገው የሚያዩት ከሆነ ግን ግንባራቸውን እዪ። ዓይን ውስጥ ከመግባት ግንባር ይሻላል፤ አንቺንም አያሳፍርሽም፣ ለነሱም ያየሻቸው ይመስላል።

ሌላ ምክር የለኝም። የኛ ቤት ልጅ አንዴ ሰምታ ትይዛለች።

አባትሽ


ኅዳር 9

ይድረስ ለቀጮ፤

እንዴት ሰነበትሽ? ሳልሽ ለቀቀሽ ወይ? የላክሽውን ፎቶ የስፌት መኪናዬ ፊት ለፊት ሰክቼዋለሁ። ከስተሻል አልልም፤ ድሮም ከየት መጥቶ።

የጠየቅሽኝን ቶሎ ልመልስልሽ፤ ነገሩ እንዳይቆይብሽ። አንድ ነገር ባሳዩሽ ቁጥር "ገባሽ?" ይሉኛል፣ አልገባኝም ማለት ነውር ነው ወይ ብለሻል። እኔን ከጠየቅሽ ነውር ነው። በመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ያሉት የድሮ ሰዎች ሞኞች አልነበሩም። አላውቅም ያልሽ ቀን ሰው ሁሉ ካንቺ በላይ ይሆናል። ከዚያ በኋላ አምሳ ሱሪ ብትሰፊ ያቺን ቀን አያስረሳልሽም። እኔ ሰባ አንድ ዓመቴ ነው፤ ይቺን ቃል ለማንም ብያት አላውቅም።

ይህን ለቁልፍ ሠሪው ብነግረው ሳቀ። የሳቀበትንም ልንገርሽ፣ ከሌላ ሰው ከምትሰሚ። ባለፈው ሳምንት የሱቁ ቁልፍ ጠፍቶብኝ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ሁለት ሰዓት ያህል ቆምኩ። ከሱቁ አንገቱን አውጥቶ፣ "ፀሐይ እየሞቅህ ነው ወይስ ቁልፍ ጠፍቶህ ነው?" አለኝ። ፀሐይ እየሞቅሁ ነው አልኩት። ደመና ነበር። ኋላ ራሱ መጥቶ ሳይጠይቀኝ ከፈተልኝ። ዋጋም አልተቀበለኝ፤ ወሬውን ለሰፈሩ እያወራ ዋጋውን አወጣበት።

አሁን ወደ ሥራሽ። ብቻሽን ሥራ ስለሰጡሽ ደስ ብሎኛል። አርባ የሠራተኛ ሱሪ ቆርጦ መስፋት ልምምድ ላይ ላለች ልጅ ቀላል አይደለም። የስፌቱ መስመር ለመቁረጫው መስመር ቀረበብኝ፣ የኛን ያህል ትርፍ የለውም ላልሽው፣ አስቤበታለሁ። ረስተውት ይሆናል። ወይም መልሶ የሚያሰፋ ደንበኛ አይተው አያውቁም። አንቺ ግን የማን ልጅ እንደሆንሽ አትርሺ። ከስፌቱ መስመር ሁለት ጣት ወጣ ብለሽ ቁረጪ፣ ስፌቱን በመስመሩ ላይ አስኪጂ፣ ትርፉ ውስጥ ይቅር። ሰው ይወፍራል። ጨርቅ ይጠባል። ጨርቅ ደግሞ ይቀነሳል እንጂ አይጨመርም። በዚህ ሱቅ አርባ ዓመት ሙሉ ሰው ከአምስት ዓመት በኋላ ተመልሶ መጥቶ ሲያሰፋ የመረቀኝ በሁለቱ ጣት ነው።

ጠይቄ ልሥራው እንዳትዪ። ዝም ብለሽ ሥሪው፤ ኋላ ያመሰግኑሻል።

ስለ ዓይኔ ያነሳሽው፣ ያያል።

አባትሽ


ታኅሣሥ 10

ውድ አባዬ፤

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ስለዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ፊደሉንም ዘርዘር አድርጌአለሁ።

ሱሪዎቹ ተበላሹ።

ጨርቁ ተለክቶ የተሰጠኝ ለአርባ ነበር። እንዳሉኝ ሁለት ሁለት ጣት እየተውኩ ስቆርጥ ሠላሳ አራተኛው ላይ አለቀ። የተሰፉትም ቢሆኑ፣ ስፌታቸው በውስጥ በኩል ወፍሮ እግር ይፈትጋል ብለው ለባሾቹ መለሷቸው። ለካ የሚያስፈልገው ትርፍ መስመሩ ሲወጣ ታስቦ ነበር። ኃላፊዋ ይህን ሦስት ጊዜ ነግረውኛል። ሦስት ጊዜም "ገባሽ?" ብለውኛል። ሦስት ጊዜም አዎ ብያለሁ።

በጨርቁ አልተቆጡም አባዬ። በጨርቁ ቢቆጡ ይቀለኝ ነበር። ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ቀስ ብለው፣ "ካሁን በኋላ አዎ ስትዪኝ እንዴት አድርጌ ልመንሽ?" አሉኝ። ይቺ ግን ቃል በቃል ገባችኝ።

ከትምህርት ቤት የሚመጣ ሰው ባለበት ጥር 20 ይሰበሰባሉ። ልምምዱን ልቀጥል ወይስ ላቋርጥ ያን ቀን ይወሰናል። ተነስቼ የሆነውን በቋንቋቸው እንዳስረዳ ይፈልጋሉ። ካቋረጥኩ የሦስት ዓመቱ ትምህርቴ ያለ ምስክር ወረቀት ይቀራል። ይህን ሳልነግርዎት ልቆይ ነበር፤ ግን ደብዳቤ ውስጥ ዝም ማለት ከፊት ለፊት ዝም ከማለት ይከብዳል።

የቋንቋ ትምህርቱም እንዳለ ነው። ባለፈው መምህሩ ስለ ቤተሰባችሁ ተናገሩ አለን። እኛ ክፍል ስላለፈ ነገር መናገር ገና አልተማርንም፤ ዛሬ ስላለ ነገር ብቻ ነው የምናውቀው። ተራው ሲደርሰኝ እናቴ ቤት ናት፣ ጤነኛ ናት አልኩ። ሁሉም ደስ አላቸው። እኔም ቁጭ አልኩ።

ደክሞኛል። ቋንቋ እንዲህ ሰውነት እንደሚያደክም አላውቅም ነበር። ቀኑን ሙሉ የሰው አፍ ስጠብቅ እውልና ወደ ቤት ስመለስ መንገጭላዬን ያመኛል፤ እኔ ሳልናገር። ምሳ ሰዓት ላይ ሴቶቹ ያወራሉ፣ ይስቃሉ፤ እኔ ከሳቁ በኋላ እስቃለሁ። ትንሽ ዘግይቼ። አንዷ ይህን አይታብኝ ከዚያ ወዲህ እያየችኝ ነው የምትስቀው።

ሻንጣዬን ከአልጋው ሥር አውጥቼዋለሁ። ነይ ካሉኝ ስብሰባውን ሳልጠብቅ እመጣለሁ። ማንንም ሳላስቸግር።

ልጅዎ


ታኅሣሥ 24

ቀጮ፤

ነይ።

ይህን ያህል ደብዳቤ መጻፍም አያስፈልግሽም ነበር። ሁለት ጣት ጨርቅ ጥፋት ከሆነ እኔ አርባ ዓመት ሳጠፋ ኖሬአለሁ ማለት ነው። እግር ይፈትጋል ብለው መለሱት? እኔ የሰፋሁላቸው ሰዎች እግር የላቸውም እንዴ? ካውያ በደንብ ቢያስኬዱበት ይተኛ ነበር። ማስኬድ አያውቁም።

ማንም ፊት ተነስተሽ የምታስረጂው ነገር የለም። የኔ ልጅ ሰው ተሰብስቦ እያያት "አላወቅሁም ነበር" አትልም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። ዕቃሽን ሰብስበሽ፣ የክፍልሽን ቁልፍ መልሰሽ፣ ደህና ሁኑ ብለሽ ውጪ። ሰላምታ ግን አትንፈጊ፤ ባለጌ አሳደገ እንዳይሉኝ።

ሙያውን እዚህ እኔ ጋ ትጨርሺዋለሽ። ወረቀት ያለው ሁሉ ሰፊ አይደለም። አልጋሽን አንጥፌዋለሁ።

አባትሽ


ታኅሣሥ 27

ይድረስ ለልጄ፤

ከሦስት ቀን በፊት የላክሁት ደብዳቤ ከዚህኛው ቀድሞ ደርሶሽ ከሆነ አትስሚው። ትናንት ላስመልሰው ፖስታ ቤት ሄጄ ነበር። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ከረጢቱ ሄዷል አለችኝ። እኔ ስቆጣ የምጽፈው ፈጥኖ ነው፣ ፖስታውም እንዲሁ ፈጥኖ ኖሯል።

ለምን ሐሳቤን እንደቀየርኩ በሥርዓት ልነግርሽ እሞክራለሁ። ረጅም ነው። እጄ ስለደከመ እያረፍኩ ነው የምጽፈው።

ደብዳቤውን የላክሁ ዕለት ቁልፍ ሠሪው ጋ ገብቼ ጎረርኩ። ልጄን ነይ አልኳት፣ ማንም ፊት አትቆምም አልኩ። እሱ ሞረዱን አስቀምጦ የሆነውን ሁሉ አስነገረኝ። ስጨርስ የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። አልቀለደም።

"ያቺ ልጅ ሱሪ አልሰፋችም" አለኝ። "አንተን ነው የሰፋችው። ልክህን አውጥታለች።"

ተቆጥቼ ወጣሁ። አንተ ልጅ ሳትወልድ ስለ ልጅ ምን አገባህ ብዬ ልመልስለት አስቤ፣ ደግነቱ አልተናገርኩም፤ ያ ቃል ለአርባ ዓመት ጎረቤት የሚወረወር አይደለም። እቤት ገብቼ ደብዳቤሽን መልሼ ዘረጋሁት። ስለ እናትሽ ለክፍሉ የነገርሻቸውን በመጀመሪያው ንባብ ዘልዬው ነበር። ቃሉ ከብዶኝ አይደለም። እናቴ ቤት ናት፣ ጤነኛ ናት። አንቺ ይህን ያልሽው ቋንቋ አጥሮሽ ነው። እኔ ግን በገዛ ቋንቋዬ ብዬዋለሁ።

እናትሽ ሆዷን የታመመች ጊዜ ሐኪም ቤት የወሰድኳት እኔ ነኝ። መረመሯት። ከዚያ እሷን ውጭ አግዳሚ ላይ አስቀምጠው እኔን በመስኮት ጠሩኝ። አንዲት ነርስ ወረቀት ሰጠችኝና፣ "ሁሉም እዚህ ላይ ተጽፏል፤ ገባዎት?" አለችኝ። ወረቀቱን አቅንቼ ይሁን ገልብጬ እንደያዝኩት አላውቅም። ከኋላዬ ሦስት ሰው ተሰልፏል። ገባኝ አልኩ። አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

እናትሽ ምን አሉ ስትለኝ፣ "ይጠሩናል፤ እስኪጠሩን ቤታችሁ ጠብቁ ብለዋል" አልኳት። እሷም እንደኔው ፊደል አታውቅም። አመነችኝ። የማታምንበት ምክንያት አልነበራትም።

ወረቀቱን ሊያነብልኝ የሚችል ሰው ጠፍቶ አልነበረም። ቁልፍ ሠሪው ነበር። አንቺ ራስሽ ነበርሽ። አሥራ ሁለት ዓመትሽ ነው፤ ያን ቀን ስንመለስ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ የቤት ሥራሽን ትሠሪ ነበር። ኪሴ ውስጥ ያለውን አውጥቼ ፊትሽ ባስቀምጠው አንድ ደቂቃ አይፈጅብሽም ነበር። ግን ያኔ አባትሽ ማንበብ እንደማይችል አታውቂም። ጋዜጣ ይዤ የምቀመጠው እንዳታውቂ ነበር። እንዳታውቂ ስል ነው ያላወጣሁት። ደግሞ ደረሰኝ ይሆናል ብዬ ራሴን አባበልኩ።

ሁለት ወር ጠበቅን። በሦስተኛው ወደቀች። ሐኪሙ በቀጠሯችሁ ቀን ለምን አልመጣችሁም አለኝ። ቀጠሮ እንደነበር ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ብትመጡ ትድን ነበር ብዬ አልምልም፣ አትድንም ብዬም አልምልም አለኝ። አሥር ዓመት የኖርኩት በዚያች መሐል ነው።

ከቀብሯ በኋላ ፊደል መማር ስጀምር የደንበኛ ስም ለመጻፍ ነው ብዬሽ ነበር። ቁልፍ ሠሪው መምህርቷን ሊያገባ ነው ብሎ ሰፈሩን አስቆብኛል። እኔም ዝም ብዬ እንዲስቁ ተውኳቸው፤ ከእውነቱ ሳቁ ይሻል ነበር። የተማርኩት ያቺን ወረቀት ለማንበብ ነው።

እንግዲህ አንቺን ነውር ነው፣ አትጠይቂ ያልኩሽ ሰው ይህ ነው። ሁለት ጣት ትርፍ ያስተውኩሽ እኔ ነኝ፣ አዎ ያስባልኩሽም እኔ ነኝ። ያባት ዕዳ ለልጅ ይላሉ። ይህኛውን ግን አትውረሺብኝ። ስብሰባው ላይ ተነሺና አልገባኝም ነበር በያቸው። ቋንቋው ቢሰባበርብሽም በያቸው። ብድግ ብለሽ፣ ግንባራቸውን ሳይሆን ዓይናቸውን እያየሽ። ከዚያ በኋላ ቢያባርሩሽ ነይ፤ ያን ጊዜ ነይ ስልሽ በሙሉ አፌ ነው።

ይህ ደብዳቤ በጊዜው እንዲደርስሽ ፈጣን መላኪያ አለ አለችኝ ትናንት የፖስታዋ ልጅ። ቅጽ ሰጠችኝ። ፊደሉ ደቃቅ ነው፤ ቃላቱም የመንግሥት ናቸው። ከኋላዬ ሰው ተሰልፎ ነበር። ልጄ፣ ይሄ አልገባኝም፣ አንብቢልኝ አልኳት። አነበበችልኝ። ሌላ ምንም አልሆነም። የተሰለፉት ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም።

ዓይኔ ያያል ያልኩሽም እውነት አይደለም። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ክር በመርፌ የሚሰካልኝ ቁልፍ ሠሪው ነው።

አባትሽ


ጥር 22

ውድ አባዬ፤

ሁለቱም ደብዳቤዎች በአንድ ቀን ደረሱኝ። ወፍራሙን ቀድሜ ከፈትኩት። ሌላውን እስካሁን አልከፈትኩትም፤ አትስሚው ስላሉኝ።

ሁለት ቀን ሥራ አልሄድኩም። አሞኛል ብዬ ላክሁባቸው። ውሸት አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን ስብሰባውን ሳልጠብቅ ኃላፊዋ ክፍል ገባሁ። አዎ ያልኩት ሳይገባኝ ነው፣ ሦስቱንም ጊዜ አልኳቸው። ቃላቱን አውቶቡስ ውስጥ ስደጋግማቸው ነበር የመጣሁት፤ ሆኖም ግማሾቹ በመንገድ ጠፉብኝ። ከዚያ ወንበር ሳቡልኝ፣ ጠመኔ አነሱ፣ ከመጀመሪያው ጀምረው እየሠመሩ አሳዩኝ። እኔም ባልገባኝ ቁጥር አቆምኳቸው። አምስተኛው ላይ በረጅሙ ተነፈሱ። እንደሰለቻቸው አወቅሁ። ግን ነገሩኝ።

ጥር 20 የተባለው ስብሰባ አጭር ሆነ። ሠላሳ አራቱን ሱሪ ተርትሬ፣ ትርፋቸውን ቆርጬ እንደገና እሰፋለሁ። ልምምዴ በሁለት ወር ተራዝሟል። ወረቀቴን ይፈርሙልኝ አይፈርሙልኝ በመጨረሻው ይታያል አሉ። ዛሬ ሰባተኛው ሱሪ ላይ ነኝ። የገዛ ስፌትን መተርተር ከመስፋት በእጥፍ ያደክማል፤ በተለይ ጠንክሮ የተሰፋ ከሆነ። እርስዎ እንዳስተማሩኝ ነው የሰፋሁት፣ እምቢ ይለኛል።

ስለ እማዬ የጻፉልኝን ምን እንደምለው አላውቅም። ተቆጥቼ ይሁን አዝኜ ገና አልለየሁትም። አንድ ቀን አንዱን እሆናለሁ፣ በማግስቱ ሌላውን። ስለዚህ አሁን የምጠይቅዎት ሁለት ነገር ብቻ ነው።

ያኔ ጠዋት ጠዋት፣ ወደ ትምህርት ቤት ስወጣ፣ እማዬ አረንጓዴ ቀሚሷን ለብሳ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ትቀመጥ ነበር። የት ልትሄጂ ነው ስላት፣ "ይጠሩኛል" ትለኝ ነበር። ማን እንደሚጠራት አልጠየቅኋትም። እነሱን ነበር የምትጠብቀው?

ወረቀቱስ አለ? ምን ይላል?

ልጅዎ


የካቲት 6

ይድረስ ለልጄ፤

ደብዳቤሽን ሦስት ቀን ያዝኩት። ማንበቡ አስቸግሮኝ እንዳይመስልሽ። በደረሰኝ ቀን ነው የጨረስኩት።

ለመጀመሪያው ጥያቄሽ፣ አዎ። እነሱን ነበር የምትጠብቀው።

አረንጓዴዋን ቀሚስ የሰፋሁላት እኔ ነኝ። ጠዋት ስትለብሳት ሁለት ወር ሙሉ አይቻለሁ፤ አንድም ቀን አውልቂው አላልኳትም። አንዴ እንዲያውም ወገቡ ሰፋብኝ ብላ አመጣችልኝ። ለካኝ አለችኝ። ለካኋት። አራት ጣት ቀንሳለች። ሰው እየከሳ እያየሁ፣ ቁጭ ብዬ ቀሚስ አጠበብኩ። ጎበዝ አለችኝ፣ ልክክ አለ።

ይህን ማንም አያውቅም። አሁን አንቺ ታውቂዋለሽ።

ይቅር በዪኝ የሚለውን በወረቀት አልጽፈውም። ስትመጪ ፊትሽ ቆሜ እለዋለሁ። እስከዚያ ድረስ ተቆጪም፣ እዘኚም፤ የፈለግሽውን ሁኚ፣ ብቻ መጻፍ አታቋርጪብኝ። ሱሪዎቹን ስትተረትሪ ጫፉን በመርፌ ፈልቀቅ አድርገሽ ጀምሪ፤ በምላጭ አትቸኩዪ፣ ጨርቁን ይበላዋል። ጠንክሮ ለተሰፋው እኔን ተራገሚ።

ወረቀቱ አለ። መሳቢያው ውስጥ ነው። ዋናውን ለፖስታ አላምነውም። እንዳለ ገልብጬልሻለሁ፤ አንድ ፊደል አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። እንዲህ ይላል፦

ቀጠሮ፦ የፊታችን ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት።
ክፍል ስድስት።
ታካሚዋ ምንም ሳትበላ ትምጣ።
ይህን ወረቀት ይዘው ይምጡ።
ያልገባዎት ነገር ካለ እባክዎ ይጠይቁ።

አምስት መስመር ናት። የመጨረሻዋ ከሌሎቹ ትደቃለች፣ ከታች ጥግ ላይ ነው ያለችው። ያነበብኳት ፊደል በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። እስከዚያ ድረስ መኖሯንም አላውቅም ነበር።

አባትሽ